የተማሪዎች የቡድን ዐውደ ርዕይ፦ ከመምረጥ እስከ ማውረድ

አዳራሽ የለም ለሚሉ

ጎበሳን በመሰለ የአርሲ ደጋ ከተማ «የተማሪዎች ሥዕል ዐውደ ርዕይ እናዘጋጅ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «ጋለሪ የት አለና?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሥራ ማስቆሚያ መሆን የለበትም። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ለንደን ተምረው ሲመለሱ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርዕያቸውን እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳዩት በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነበር። አለ ፈለገሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እንኳ ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ደግሞ በብዙ የወረዳ ከተማ አለ። እሱ ካልተገኘ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወንበሩ የወጣለት ሰፊ ክፍል ይበቃል።

አንድን ክፍል ጋለሪ የሚያደርገው ባዶ ግድግዳ፣ ተመልካች ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት ወለልና ልክ ያለው ብርሃን ነው። ከሦስቱ ትልቁን ጦርነት የሚያስነሣው ባዶ ግድግዳው ነው። የመማሪያ ክፍል ግድግዳ የሰውነት ክፍሎች ሥዕል፣ የክፍል ደንብ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝርና ያለፈው ዓመት መፈክር ተለጥፎበታል። ሁሉም ይነሣ። «ይቺ እንኳ ትቆይ፣ አትጎዳም» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ትጎዳለች። ከአንዲት ልጅ የከሰል ንድፍ ጎን ባለቀለም ማስታወቂያ ካለ ዓይን የሚሄደው ወደ ማስታወቂያው ነው።

መቼ ይከፈት

ልማዱ ሰኔ ላይ ከወላጆች ቀን ጋር ማያያዝ ነው። እኔ አልመክርም። ሰኔ በአርሲ ደጋ ዝናብ ነው፤ ወረቀት እርጥበት ስቦ ይጨማደዳል፣ እንግዳው ጭቃ ይዞ ይገባል፣ ተማሪው ፈተና ላይ ነው፣ ገበሬው ማሳው ላይ ነው። የተሻለው ጊዜ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ መካከል ያለው ነው። የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቋል፣ ስንዴውና ገብሱ ተወቅቷል፣ መንገዱ ደርቋል። ዐውደ ርዕዩ ክፍት ከሚሆንባቸው ቀናት ቢያንስ አንዱ የገበያ ቀን ላይ ይዋል። ገበያ የወጣ ገበሬ ልጁ የሣለውን ለማየት ጎራ ይላል፤ በሌላ ቀን ግን ለዚህ ብሎ ከቀበሌው አይነሣም።

የጊዜ ሰሌዳው ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ይቆጠር። ለመስቀል ሁለት ሙሉ ቀን፣ ከዚያ በፊት ፍሬም ለመሥራትና ካርድ ለመጻፍ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ በፊት ለመምረጥ አንድ ሳምንት ያዙ። በዘይት ቀለም የተሠራ ሥዕል ካለ ደግሞ ቀደም ብሎ መጠናቀቅ አለበት። የዘይት ቀለም በደጋ ብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ በቀጭኑ የተቀባው እንኳ ሳምንት አልፎት ጣት ላይ ሊነካ ይችላል። አክሪሊክ ይህ ችግር የለበትም።

መምረጥ

ሥራ አምጡ ሲባል ምን እንደሚመጣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የጭላሎ ተራራ ይመጣል። ኃይሌ እጁን ዘርግቶ፣ ደራርቱ ባንዲራ ለብሳ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ይመጣሉ። የስንዴ ማሳ ከነኮምባይነሩ፣ ፈረስ፣ ጀበናና ስኒ ይከተላሉ። በዚህ አገር ያደገ ልጅ ሯጭ ቢሥል አይፈረድበትም፤ ኃይሌ የአሰላ፣ ደራርቱና ቀነኒሳ የበቆጂ ልጆች ናቸው። ችግሩ ጉዳዩ ላይ አይደለም። አብዛኛው ከስልክ ፎቶ ወይም ከፖስተር የተቀዳ መሆኑ ነው፤ ከተቀዳ ነገር ላይ የልጁን ዓይን ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ ልጅ ራሱ ያየው ነገር የቱ ላይ ነው? ደራርቱን በእርሳስ አሳምሮ የቀዳ ልጅ አለ። ሌላዋ ደግሞ ማለዳ በጭጋግ ውስጥ የሚሮጡ የትምህርት ቤቷን ልጆች ሥላለች፤ የእግራቸው አጣጣል ተዛብቷል፣ የአንዱ ክንድ ረዝሟል፣ ጭጋጉ ግን ጭጋግ ነው፤ የኋለኛው ሯጭ ከነልብሱ ግራጫ ውስጥ ጠፍቷል። የሚሰቀለው የሁለተኛዋ ነው። ይህን ለመጀመሪያው ልጅ ፊት ለፊት መንገር ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ሌላ ሥራ እንዲያመጣ ጊዜ ይሰጠው።

ሕጉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ እያንዳንዱ ተማሪ ሦስት ሥራ ያመጣል፣ ቢያንስ አንዱ በእርግጥ ይሰቀላል፣ የትኛው እንደሚሰቀል ግን የሚወስነው መራጩ ቡድን ነው። ቡድኑ ውስጥ የሥዕል መምህር፣ የሌላ ትምህርት መምህርና ሁለት ተማሪዎች ይግቡ። መምህሩ ብቻውን ከመረጠ የራሱን እጅ የሚመስለውን ይመርጣል፤ ተማሪዎች ብቻቸውን ከመረጡ ጓደኝነት ይገባበታል። በድምፅ ብልጫ ብቻ የሚመረጥ ዐውደ ርዕይም ለማንም የማይከፋ፣ ማንንም የማያስቆም ይሆናል። አንዱ መራጭ አጥብቆ የተሟገተለት ሥራ ካለ፣ ሌሎቹ ባይወዱትም ይግባ።

ርዕስ ማውጣትም የመምረጥ አካል ነው። «የጥበብ ፍሬዎች» የሚል ርዕስ ለማንኛውም ነገር ስለሚሆን ለምንም አይሆንም። «ከቤት እስከ ትምህርት ቤት» ቢባል ግን ልጁ ምን እንደሚሥል ያውቃል፤ መራጩም ምን እንደሚያስቀር ያውቃል።

ስለ ቅርሳ ቅርስ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪዎች በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ የወተት ዕቃ ወይም የቆዳ ሥራ ከቤት ሊያመጡ ይችላሉ። የተማሪ ሥራ ካልሆነ በተማሪ ሥራ መካከል አይቀላቀል፤ ለብቻው ጠረጴዛ ይሰጠው፣ ካርዱም የማን ቤት ዕቃ እንደሆነ ይናገር። ሲንቄ ከመጣች ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ሲንቄ ለአርሲ ሴት እናቷ በሠርጓ ቀን የምታስይዛት፣ በክብርና በእርቅ ስም የምትቆም በትር ናት። ወለል ላይ ትጋደም ወይም ሚስማር ላይ ትንጠልጠል ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት እናቶችን ጠይቁ።

ግድግዳውን በወረቀት

አንድም ሚስማር ከመመታቱ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ለክታችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ። በ1፡20 ልክ ከሠራችሁ አንድ ሜትር አምስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሥዕሎቹንም በዚያው ልክ ከካርቶን ቆርጡና በላያቸው ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ እያንሸራተቱ መሞከር ነው። ተማሪዎች ይህን ክፍል በጣም ይወዱታል፤ ክርክሩም እዚህ ይለቅ፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር ነቅሎ ሚስማር ከመምታት ይሻላል።

የክፍተቱ ስሌት ቀላል ነው። ግድግዳው 8 ሜትር፣ ሥዕሎቹ እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው 7 ናቸው እንበል። ሰባቱ 420 ሴንቲ ሜትር ይይዛሉ፤ 380 ይተርፋል። በሰባት ሥዕል መካከልና ዳር ያለው ክፍተት ስምንት ስለሆነ 380 ለ8 ሲካፈል 47.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ደህና ክፍተት ነው። ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ ሥዕሎቹ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ማጠጋጋት ሳይሆን አንዱን ማስቀረት ነው።

የቦታ አመዳደቡ ግን በስሌት አይገኝም። ሦስት ጭላሎ ካላችሁ በአዳራሹ አትበትኗቸው፤ ሲበተኑ ድግግሞሽ ይሆናሉ። ጎን ለጎን አድርጓቸው፦ የማለዳው፣ ጭጋግ የዋጠው፣ ከዝናብ በኋላ ያለው። ያን ጊዜ ተመልካቹ ተራራውን ትቶ ሦስቱን ልጆች ማነጻጸር ይጀምራል። ጩኸታም ቀለም ያለው ትልቅ ሥራ ከበሩ ፊት ለፊት ይሁን፤ ከደጅ ያለፈውን ሰው ይጠራል። ትንንሽ የእርሳስ ንድፎች ሰው ቀርቦ የሚቆምበት ጸጥ ያለ ጥግ ይፈልጋሉ። በክፍል ደረጃ ወይም በፊደል ተራ መስቀል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ለተመልካች ምንም አይነግረውም።

መስቀል

የሚያስፈልገው ዕቃ ከግንበኛና ከአናጢ ቤት የሚገኝ ነው፦ ሜትር፣ ሊቤላ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሲባጎ፣ ቀጭን ሽቦ፣ እርሳስ። ትራፓኖና ፊሸር ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ይኖራል።

መጀመሪያ የዓይን መስመር ይውጣ። በጋለሪዎች የተለመደው የሥዕሉ መሐል ከወለሉ ከ145 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር እንዲውል ነው። የእኛ ተመልካች አብዛኛው ተማሪ ስለሆነ 145ን ያዙ። በግድግዳው ጫፍና ጫፍ 145 ለክታችሁ ሲባጎ ወጥሩ፤ የሁሉም ሥዕል መሐል እዚያ መስመር ላይ ይረፍ። ትልቁም ትንሹም መሐል ለመሐል ሲገጥም ግድግዳው ይረጋጋል። በላይኛው ጠርዝ ማስተካከል የተለመደ ቢሆንም ሥዕሎቹ የተለያየ ቁመት ሲኖራቸው ትንንሾቹ ወደ ላይ ይሰቀሉና ልጆች ለማየት ያንጋጥጣሉ።

አሁን ሚስማሩ የት ይመታ? ቁመቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል ያዙ። ግማሹ 35 ነው። ከጀርባው የታሰረውን ሽቦ በጣታችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ሲወጠር ከፍሬሙ የላይኛ ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል እንበል። 145 ሲደመር 35፣ ሲቀነስ 8፦ 172። ሚስማሩ ከወለሉ 172 ሴንቲ ሜትር ላይ ይመታል። ስሌቱን ለእያንዳንዱ ሥራ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉት። አንድ ተማሪ ይለካ፣ ሌላው ይምታ፣ ሦስተኛው ከአምስት እርምጃ ርቆ ይመልከት። የሚመታው ሰው ሥዕሉ ቀጥ ማለቱን ፈጽሞ አያውቅም፤ ለዚህ ነው ሦስተኛው የሚያስፈልገው።

ግድግዳው ምን እንደሆነ ዕወቁ። ብሎኬት ከሆነ ተራ ሚስማር ይጎብጣል ወይም ባዶው ውስጥ ይገባል፤ የኮንክሪት ሚስማር ወይም ፊሸር ይፈልጋል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ሚስማር የሚይዘው እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። በሁለቱም የሚሠራ፣ ግድግዳም የማያቆስል ዘዴ አለ፦ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ አንድ ሞራሌ በአግድም ማሰር፣ ከዚያ ሥዕሎቹን በሁለት ሁለት ክር ማንጠልጠል። ሁለት ክር የተባለው በምክንያት ነው፤ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ሥዕል በሩ በተከፈተ ቁጥር ይዘማል። የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ «ግድግዳዬን አትብሱ» ካለም ይህ ያስታርቃል።

ግድግዳ ካነሰ ቺፑድ ይቆማል። አንዱ ሉክ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ ሁለቱም ፊቱ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ከሁለት ወገን ሥራ ይይዛል። ለብቻው ቀጥ ብሎ የቆመ ቺፑድ ግን ልጅ ተደግፎበት ይወድቃል። ሁለት ሁለቱን በማጠፊያ አያይዛችሁ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ አቁሟቸው።

ወረቀት ላይ ለተሠራ ሥራ ፕላስተር ፊቱ ላይ አይለጠፍ። ከወረቀቱ ሰፋ ያለ ካርቶን ከጀርባ አድርጉለት፤ ሦስት ጣት የሚያህል ነጭ ዳር ሲተርፍለት ሥራው ይከበራል። የከሰል ንድፍ ደግሞ ከመሰቀሉ በፊት ማጽኛ ስፕሬይ ይፈልጋል። የባለሙያው ከሌለ የፀጉር ስፕሬይ ከራቅ አድርጎ በስሱ መንፋት ያገለግላል፤ ለዘመናት ለሚቀመጥ ሥራ ግን አይመከርም። መስታወት ያለው ፍሬም ያምራል ብላችሁ አትጨነቁ፤ መስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀል ተመልካቹ የሚያየው ራሱን ነው።

ብርሃን

መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቡና በቀን ብርሃን አቅዱ። የጠዋቱ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ የከሰዓቱም የት እንደሚያርፍ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ የሚያይ ተማሪ መድቡ። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ ወረቀትና ውሃ ቀለም አይሰቀል፤ ይደበዝዛል። ሙዚየሞች ለወረቀት ሥራ ብርሃኑን እስከ 50 ሉክስ ድረስ የሚያደበዝዙት ለዚህ ነው። መስኮቱን በነጭ አቡጀዲ ብትጋርዱት ፀሐዩ ይለዝባል፣ ክፍሉም አይጨልምም። አምፖል የምታበሩ ከሆነ ከላይ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ይምታ፤ ፊት ለፊት ከመጣ ቀለሙ ያንጸባርቃል።

ካርዱ

በካርዱ ላይ የተማሪው ስም፣ የሥራው ርዕስ፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩ (ቁመቱ ቀድሞ) እና ዓመቱ ይጻፍ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ በእኛ ከተማ ከሁለት አንዱን ብቻ መጻፍ ግማሹን እንግዳ ደጅ ማቆም ነው። ለሁሉም ሥራ በአንድ ወገን፣ ለምሳሌ በቀኝ፣ በአንድ ከፍታ ይለጠፍ። «ርዕስ የሌለው» የሚል ካርድ ሲበዛ አልወድም፤ ልጁ ርዕስ ያላገኘው አስቦ ሳይሆን ሳይጠየቅ ቀርቶ ነው።

ሠዓሊው ገብረክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን አዲስ አበባ ሲያሳይ ረቂቅ ሥዕል ለብዙው ተመልካች ዓይን አዲስ ነበር። በእናንተም አዳራሽ እንዲህ ያለ ሥራ ከተሰቀለ «ይህ ምንድን ነው?» መባሉ አይቀርም። ካርዱ ላይ ትርጉም አትጻፉ። ሠሪው ልጅ አጠገቡ ይቁምና ቀለሙን እንዴት እንደ ደራረበ ይንገር፤ ሰው እንዴት እንደ ተሠራ ሲሰማ መቅረብ ይጀምራል።

የመክፈቻው ቀን

ንግግሩ ከበር ውጭ ይለቅ፤ እንግዳው ከገባ በኋላ ይመልከት እንጂ አይስማ። የክብር እንግዳው ሊዘገይ ይችላል፤ ሪባኑ ይጠብቀዋል፣ ልጆቹ ግን ፀሐይ ላይ አይጠብቁት። ቡናውና ፈንዲሻው ከሥዕሎቹ ራቅ ብሎ፣ ቢቻል በረንዳ ላይ ይቅረብ። ሚኒ ሚዲያ ክበቡ ሳምንቱን ሙሉ በሰልፍ ሰዓት ያስተዋውቅ። ተማሪዎች በፈረቃ አስጎብኚም ጠባቂም ይሁኑ፤ የአስተያየት መዝገብም ከነእስክርቢቶው ይቀመጥ። መጻፍ የማይችል ወላጅ ካለ አስጎብኚው የተናገሩትን ቃል በቃል ይጻፍላቸው። ከመዝገቡ ሁሉ የሚጠቅመው አስተያየት ከዚያ ነው የሚገኘው፤ የተማረው ሰው «በርቱ» ጽፎ ያልፋል።

ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ

ጎበሳ ላይ የሰቀለ የሥዕል ክበብ ወደ ጋለሪ ጥያቄ ለማቅረብ ዝግጁ ነው፤ ምክንያቱም ፎቶው፣ የልክ ዝርዝሩና በወረቀት የተሠራው ዕቅድ በእጁ አለ። ጋለሪ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ላይ ከ150 ቃል ያልበለጠ መግለጫ ጨምሩ። ሥራዎቹን ፎቶ የምታነሡት ከቤት ውጭ ጥላ ውስጥ፣ ያለ ፍላሽ ይሁን። ጥያቄው ከወራት በፊት ይግባ።

ከዚያ በፊት ግን ተማሪዎቹን ወስዳችሁ አሳዩ። የአለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የገብረክርስቶስ ደስታ ማዕከልም ዘመናዊ ሥዕል በሥርዓት ተሰቅሎ የሚታይበት ቤት ነው። ልጆቹ ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ሚስማሩን፣ ክፍተቱን፣ ካርዱን፣ መብራቱን ይዩ፤ ሜትር ይዘው ቢሄዱም አይነወርም። አንድ ልዩነት ግን አለ። ተመራቂ በርከት ያለ ሥራ ስለሚሰቅል ግድግዳው ስለ አንድ ሰው ይናገራል፤ እናንተ ግን የሃያ ልጅ አንድ አንድ ሥራ ነው ያላችሁ፤ ስለዚህ የአጎራባቾች ምርጫ ለእናንተ የበለጠ ይከብዳል።

ለጉዞው ሥዕሎቹን ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ እያደረጋችሁ በመካከላቸው ካርቶን አስገቡ፤ አቁማችሁ ጫኑ እንጂ አትደራርቡ። ፖርቶመጋላ ላይ አይሆንም፤ ነፋሱና አቧራው አሰላ ሳይደርስ ያበላሸዋል። ጋለሪው ከሽያጭ ድርሻ የሚወስድ ከሆነ ስንት እንደሆነ፣ የሚሰበር ነገር ቢኖር ማን እንደሚከፍል፣ የልጁ ገንዘብ በማን እጅ እንደሚደርስ ከመስቀሉ በፊት በጽሑፍ ይለቅ። ዋጋ የሚቆርጠው ልጁ ከወላጁ ጋር ነው፤ አይሸጥም ካለም አይሸጥም።

ማውረድ

በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሰው ይጠፋል። ስለዚህ የማውረጃው ቡድን ከመክፈቻው በፊት ይሰየም። ሥራው ሲወርድ ከጀርባው ያለው ስም ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር፣ ተቀባዩ ይፈርም። የሚስማር ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈን፣ ቺፑዱ ለከርሞ ይቀመጥ፤ የግድግዳው ዕቅድና ፎቶዎቹ በአንድ ፋይል የክበቡ ቢሮ ይግቡ። ያልተወሰደ ሥራ ካለ በሲሚንቶ ወለል ላይ አይተው፤ ሁለት አጠና ከሥር አድርጋችሁ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ፣ እስከ ወላጆች ቀን አቆዩት።